የረቡዕ እንቁጣጣሽ፦ እንቁላል የሌለበት አይሲንግ በቦሌ አራብሳ

የ2017 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ረቡዕ ዋለ። ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ሲውሉ ጾሙ ይሻራል፤ እንቁጣጣሽ ግን ይህ ወግ ስለሌለው ጾመኛው ቤት ዶሮውን ለሐሙስ አሳድሮ አዲሱን ዘመን በሽሮና በምስር ተቀበለ። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳር፣ በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ ቤቷ ውስጥ ኬክና ኩኪስ እየጋገረች ለምትሸጥ አንዲት እናት ደግሞ አጋጣሚው ሠርታው የማታውቀውን ሥራ አመጣባት፦ ለአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት 150 ኩኪስ፣ በአደይ አበባ ቅርጽ፣ ላዩ በቢጫ አይሲንግ፣ ማለትም ሲደርቅ በሚጠነክር የስኳር ቅብ፣ የተሸፈነ፣ እንቁላልም ወተትም ቅቤም ያልነካው። ስሟን አልጠቅስም፤ የሰፈሩ ሰው ያውቃታል።

ትእዛዙን ያመጡት የሰንበት ትምህርት ቤቱን ሕፃናት የሚንከባከቡ አንዲት ወይዘሮ ናቸው። ባለሙያዋ መጀመሪያ ልታመልጥ ሞክራ ነበር። «እትዬ፣ ለጾም ከሆነ አይሲንጉን ትተን መሀሉን በማርማላታ ብናደርገውስ?» አለቻቸው። «ልጄ፣ ልጆቹ አበባ ነው የተነገራቸው። አበባ ይሁንልኝ» አሉና ቀብድ ከፍለው ሄዱ።

የለመደችው አሠራር

ሙያውን የቀሰመችው ኬክ ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ነው። አሁን ያላት አንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኦቭን፣ አንድ የእጅ ሚክሰር፣ ዲጂታል ሚዛንና ከመርካቶ የገዛቻቸው የክሬም ማውጫ አፎች ናቸው። ለልደትና ለክርስትና የምትሠራው አይሲንግ በዓለም ዙሪያ የታወቀው ዓይነት ነው፤ የእንቁላል ነጭ፣ የላመ ስኳርና ጥቂት የሎሚ ጭማቂ። የእንቁላሉ ነጭ ውስጥ ያለው ፕሮቲን አየር ይይዛል፣ ሎሚው አረፋውን ያጸናዋል፣ ስኳሩ ደግሞ ውኃውን ይሻማል። ውኃው ሲተን ጠንካራ፣ ደብዛዛና ቢነኩት የማይላቀቅ ሽፋን ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከዚህ ትእዛዝ ጋር ባይያያዝም ለፍስኩ ሥራ ይጠቅማል። ከኢንተርኔት የሚወሰድ አሠራር «ሁለት እንቁላል» ሲል የሚያስበው ትልቁን የፈረንጅ እንቁላል ነው። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከዚያ በጣም ያንሳል፤ በቁጥር የሠራ ሰው አይሲንጉ ድንጋይ ይሆንበታል። በሚዛን መሥራት ይሻላል፦ 30 ግራም የእንቁላል ነጭ ለ180 ግራም ያህል የላመ ስኳር። ጥሬ እንቁላል ለሕፃናት መስጠትም ደግ አይደለም። ነጩንና ከስኳሩ የተወሰነውን በሚፈላ ውኃ እንፋሎት ላይ በተቀመጠ ሳሕን እያማሰሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማድረስ ሳልሞኔላ የሚባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ስጋት ያስወግዳል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ለዚህ የሚበቃ ሙቀት አለ።

ኩኪሱን በተመለከተ ብዙ የሚወራ የለም። ዱቄት፣ ስኳር፣ ጥቂት ውኃ፣ ቫኒላና ወተት የሌለበት ማርጋሪን ነው፤ አንዳንዱ ማርጋሪን የወተት ተረፈ ምርት ስለሚገባበት ማሸጊያውን አንብባ ነው የገዛችው። ቤኪንግ ፓውደር አልጨመረችም ማለት ይቻላል። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ጋዙ በቀላሉ ይለጠጣል፤ የአበባው ጠርዝም ይደፈጠጣል። ሊጡን ቆርጣ ፍሪጅ ውስጥ ካቆየች በኋላ ስለጋገረችው ቅርጹ እንደተቆረጠ ወጣ።

ዓርብ ማታ የሆነው

የሽምብራ ውኃ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ እንደሚያወጣ በስልኳ አይታለች። ጳጉሜን 1 ቀን ዓርብ ለቤተሰቡ ንፍሮ ቀቅላ ስለነበር ውኃውን አልደፋችም። ሽምብራው ትንሹ ቡናማው የአገር ሽምብራ ነው፤ ጨውም ገብቶበታል። ውኃውን በሚክሰር መታችው፤ አረፋ ወጣ፣ ተነሣ፣ ሚክሰሩ ሲቆም ደግሞ ወዲያው ሟሸሸ። እንዲጸና ብላ የበለጠ መታችው። ከሸማቾች የገዛችውን ስኳር በቡና መፍጫ ፈጭታ ጨመረችበት፤ እንዲያበራ አንድ ሾርባ ማንኪያ ማር፣ ለቀለሙም ፈሳሽ ቢጫ የምግብ ቀለም አከለች። ለሙከራ ሃያ ያህል ኩኪስ ቀብታ ትሪውን ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ አሳደረችው። በዚያው ሌሊት እኅቷ እዚያው ወጥ ቤት የበዓሉን እንጀራ ትጋግር ነበር።

ጠዋት አይሲንጉ በጣት ሲነካ ይለጠፋል። የአበባው ቅጠሎች እርስ በርሳቸው ፈስሰው አንድ ክብ ሆነዋል፤ ቢጫው ወደ ግራጫ አድልቷል፤ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ወደ ኩኪሱ ሰርጓል። አንዱን በአንዱ ላይ የደረበቻቸው ተጣብቀው ሲላቀቁ ግማሹ ተገሽልጦ ቀረ። ጨው ጨው ይላል። ቀጭኗ የክሬም ማውጫ አፍ ደግሞ በየደቂቃው እየተደፈነች መርፌ ሲያስፈልጋት ነበር ያመሸችው።

ፍርዱ ቶሎ ተሰጠ፦ ስኳሩ ነው። እኅቷም ጎረቤቷም ተስማሙ፤ «ዘንድሮ ስኳሩ ውስጥ የሚቀላቅሉት ነገር አለ» ተባለ። ሌላ ስኳር ፍለጋ መርካቶ ልትወርድ ነጠላዋን እንደለበሰች ነው ደረጃው ላይ ያገኘኋት። የምግብ ሳይንስ ስለተማርኩ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲገጥማት ትጠራኛለች። መርካቶ ከመውረዷ በፊት ትሪውን አሳይኝ አልኳት።

የውኃው ሒሳብ

ስኳሩ ላይ የተጣለው ጥፋት ከፊሉ እውነት ነው፤ ግን የሚመለከተው የተደፈነውን አፍ ብቻ ነው። የፋብሪካ የላመ ስኳር ዱቄት ነው፤ እንዳይጓጉልም ሦስት በመቶ ገደማ የበቆሎ ስታርች ይገባበታል። በቤት የተፈጨው ስኳር እጅ ላይ ሲዳሰስ ዱቄት ይምሰል እንጂ ውስጡ ያልደቀቁ ፍሬዎች አሉት፤ እነሱ ናቸው ቀጭኑ አፍ ላይ የሚሰለፉት። የአገራችን ስኳር ፍሬው ከበድ ያለና ነጭነቱም ወደ ክሬም የሚያደላ ስለሆነ ለነጭ አይሲንግ ያስቸግራል። ለአደይ አበባ ግን ይህ ምንም አይደለም፤ የሚፈለገው ቢጫ ነው።

የቀረው ችግር ሁሉ የውኃ ነው። ትሪውን አይቼ የቆጠርኳቸው የውኃ መግቢያዎች አራት ነበሩ፤ አንዳቸውም ስኳር በመቀየር አይዘጉም።

ትልቁ የንፍሮው ውኃ ነው። ሽምብራ ሲቀቀል ፕሮቲንና ሳፖኒን የሚባል አረፋ አውጪ ንጥረ ነገር፣ ጥቂት ስታርችም ወደ ውኃው ይወርዳሉ። እነዚህ ሲበዙ ውኃው የእንቁላል ነጭን ሥራ ይሠራል፤ ሲሳሱ ግን የቀረው ጣዕም ያለው ውኃ ብቻ ነው። ንፍሮ የሚቀቀለው ውኃ በዝቶበት ነው፤ እሷም የተጠቀመችው ሳይወፍር ነው። አረፋው የሟሸሸው ለዚህ ነው። እንዲህ ባለ ፈሳሽ የተሠራ አይሲንግ በውኃ የተለወሰ ስኳር እንጂ በፕሮቲን የተያያዘ ነገር ስላልሆነ ይፈሳል፣ ለመድረቅም ይዘገያል። አብዝታ መምታቷ ደግሞ በሌላ በኩል ጎዳት፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ቀለል ያለ አረፋ ነው፤ አየር የበዛበት አይሲንግ በደረቀበት ቦታ እንኳ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ በጣት ይፈረፈራል።

ይህን ውኃ ለእንቁላል ምትክነት ያበቃው ዦኤል ሮሰል የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ በ2014 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሙከራውን ይፋ አደረገ። በዓመት ከግማሽ ያላነሰውን ቀን የሚጾም ሕዝብ፣ በአፍሪካ ቀዳሚው የሽምብራ አምራች አገር ውስጥ ተቀምጦ፣ ይህን ውኃ በየቀኑ ሲደፋው መኖሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ለነገሩ እንቁላል ነጭ የሚመታ ጾመኛም ጥንት አልነበረም።

ሁለተኛው ማሩ ነው። በውጭ አገር አሠራር አይሲንጉ እንዲያበራና ሲነከስ እንዲለሰልስ የበቆሎ ሽሮፕ ይጨመራል፤ እሷ በምትኩ ማር አስገባች፤ ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ተራ ስኳር ከአየሩ እርጥበት በደንብ መሳብ የሚጀምረው የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ወደ 85 በመቶ ሲጠጋ ነው። ማር ግን ፍሩክቶስ የሚባለው የስኳር ዓይነት ስለሚበዛበት ከዚያ በጣም ባነሰ እርጥበት ውኃ ይስባል፤ የነካውንም ስኳር ያረጥበዋል። በክረምት መውጫ በአይሲንግ ውስጥ ማር ማስገባት አይሲንጉ እንዳይደርቅ ማዘዝ ነው።

ሦስተኛው ፈሳሹ ቀለም ነው። ቢጫው እስኪደምቅ ጠብታ በጠብታ ሲጨመር በማንኪያ ሙሉ ውኃ ገብቷል። ቀለሙ ወደ ኩኪሱ የሰረገውም አይሲንጉ ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ስላደረ ነው።

አራተኛው የማንም ጥፋት አልነበረም። ጳጉሜን ዝናቡ ገና አላቆመም። በዚያ ላይ አንዲት ጠባብ የኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት፣ መስኮቷ በብርድ ምክንያት ተዘግታ፣ ምጣዱ ሌሊቱን ሙሉ እንፋሎት ሲተፋባት አየሯ ምን ያህል ውኃ እንደሚሸከም መስተዋቱ ላይ የሚወርደው ላብ ይናገራል። ኩኪሱ እንዲደርቅ የተቀመጠው ከቤቱ ሁሉ እርጥብ በሆነው ክፍል ነው።

ይህን ስነግራት ወዲያው አላመነችም። «ታዲያ ስኳሩን ባበዛስ? ውኃውን አይጠጣውም?» አለችኝ። ይጠጣዋል፤ ግን አያያዘውም። ፕሮቲን የሌለው ወፍራም አይሲንግ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ይህንንም በትንሽ ሳሕን ሠርታ ራሷ አየችው።

ሁለተኛው ዙር

መርካቶ መውረዷ አልቀረም፤ ግን የገዛችው ሌላ ነው፦ ነጩን ትልቁን ሽምብራ፣ ጄል የሆነ ቢጫ ቀለም፣ የበቆሎ ስታርችና የታሸገ የላመ ስኳር። የታሸገው ዋጋው አልቀመስ ስላላት ለሁሉም የሚበቃ አልገዛችም። ጠርዝ ለማስመሩ የታሸገውን፣ ለመሙላቱ ቤት የተፈጨውን ለመጠቀም ተስማማን፤ ሲሞላ በሰፊ ቀዳዳ ስለሚፈስ ፍሬው ያን ያህል አያስቸግርም። የቤቱንም ስኳር ከስታርች ጋር፣ ለግማሽ ኪሎ 15 ግራም እያደረገች፣ ደግማ ፈጨችው፤ መጀመሪያ በወንፊት፣ ከዚያም በስስ ሻሽ ነፋችው። ሻሹ ላይ የቀረው ለሻይ ሆነ።

ቅዳሜ ማታ ግማሽ ኪሎ ሽምብራ ዘፈዘፈች። እሑድ የዘፈዘፈችበትን ውኃ ደፍታ፣ አጥባ፣ በሁለት ሊትር አዲስ ውኃ ያለ ጨው ቀቀለችው። ከፍታችን ላይ ውኃው በ92 ዲግሪ ስለሚፈላ በተራ ድስት ሽምብራ ረጅም ሰዓት ይፈልጋል፤ ጎረቤቷ ፕሬዠር ኩከር አዋሰቻት። ሲበስል አላጠለለችውም፤ እዚያው ውኃው ውስጥ ቀዝቅዞ ፍሪጅ አደረ። ይህ እርምጃ ከሁሉም በላይ ያስፈልጋል ባይ ነኝ፤ ሲቀዘቅዝ ከፍሬው ወደ ውኃው የሚወርደው ነገር ቀላል አይደለም። ሰኞ ጠዋት ውኃውን አጥልላ በዝግታ እሳት ላይ አተነነችው። መለኪያው በማንኪያ ሲነሣ እንደ እንቁላል ነጭ ዘለግ ብሎ መውረዱ ነው። በመጨረሻ ከሁለት ሊትሩ የተረፈው ከግማሽ ሊትር በታች ነበር፤ ለሥራው ግን ይበቃል። ፍሬው በቅቅሉ ለእራት ዋለ።

ልኬቱ እንዲህ ነበር፤ 70 ግራም የወፈረ የሽምብራ ውኃ፣ 450 ግራም የላመ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ጥቂት ቫኒላ። ማር የለም። ውኃውንና ሎሚውን አረፋው እስኪነጣ ብቻ መምታት፤ ከዚያ ስኳሩን በየማንኪያው እየጨመሩ ሚክሰሩን በዝቅተኛ ፍጥነት ማስኬድ። ለ150 ኩኪስ፣ ለአንዱ 20 ግራም ተሰልቶ፣ ሦስት ኪሎ ገደማ ያስፈልግ ስለነበር ይህን ልኬት ስድስት ጊዜ ደገመችው። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ያልሠራችው የእጅ ሚክሰሯ ስለማይችል ነው፤ ጥሩም ሆነ፤ አይሲንግ ቁጭ ሲል አፉ ይደርቃል። የሠራችውንም ሳሕን በረጠበ ጨርቅ ሸፍና አቆየችው።

ሦስተኛውን ሳሕን ስትመታ መብራት ጠፋ። እዚህ ላይ የሽምብራው ውኃ አስቀድሞ መወፈሩ ጠቀማት፤ በሹካ እየመታች፣ ስኳሩንም በእንጨት ማንኪያ እያሸች ጨረሰችው። ቀለል ያለ አረፋ ብቻ ስለሚፈለግ ክንድ ይደክማል እንጂ ሥራው አይበላሽም።

ውፍረቱን ሁለት ዓይነት አደረገችው። ለጠርዙ የሚሆነው በቢላ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ አይከደንም። ለመሙያው የሚሆነው፣ ሌላ ውኃ በግማሽ የሻይ ማንኪያ እየተጨመረ፣ የቢላው መስመር በአሥር ወይም በአሥራ አምስት ሰከንድ ውስጥ የሚጠፋ ነው። ከዚያ ፈጥኖ ከጠፋ ከጠርዙ ዘልሎ ይፈሳል፤ ከዘገየ ላዩ አይስተካከልም። ይህቺን የሰከንድ ቆጠራ ከያዘች በኋላ ስለ አይሲንግ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችኝም።

ከብረቱ አፍ ይልቅ ጠንከር ያለ ላስቲክ በጥቅል አድርጋ ጫፉን በመቀስ ቆረጠች፤ ቢደፈን ትንሽ ከፍ አድርጎ መቁረጥ ነው። ስምንቱን የአደይ ቅጠሎች አንድ ጊዜ ሁሉንም አልሞላችም። አንዱን ዘላ አንዱን እየሞላች አራቱን ጨረሰች፤ ላያቸው ሲያዝ የቀሩትን አራት ሞላች። ጎረቤት ቅጠሎች እርጥብ ለእርጥብ ካልተገናኙ አይዋሃዱም። የአየር አረፋ ሲታይ በስቲኪኒ መውጋት ነው። መሀሏን ጥቁር ቢጫ ነጥብ ያደረገችው በማግስቱ፣ ሁሉም ከደረቀ በኋላ ነው።

ትሪዎቹ መኝታ ቤት ገቡ። እንጀራው የሚጋገርበት ወጥ ቤት በሩ ተዘጋ፤ ከጎረቤት የመጣ ትንሽ ፋን በትሪዎቹ ላይ በጎን እንዲነፍስ ተደረገ። ላዩ በፍጥነት ሲያዝ ቅጠሎቹ መሀል ላይ አይሰረጉዱም፤ ቀለሙም አይሰርግም። እኅቷ ኦቭኑን በትንሹ ለኩሰን እናድርቀው ብላ ነበር፤ እኔ ተቃወምኩ። ማርጋሪኑ ሲሞቅ ዘይቱ ከኩኪሱ ወጥቶ አይሲንጉ ላይ ነጠብጣብ ይሠራል፤ ኩኪሱ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አይሲንግ የማይቀባውም ለዚሁ ነው። ሁለቱን በኦቭን ሞከረቻቸው፤ ነጠብጣቡ ስለታየ ተተወ።

ማክሰኞ ጠዋት አብዛኛው በጣት ቢጫኑት ምልክት አይቀርበትም። መስኮቱ አጠገብ የነበረው አንድ ትሪ ግን ሌሊት ዝናብ ሲነፍስበት አድሮ ለስልሶ ተገኘ፤ እስከ ቀትር ፋኑ ሥር ቆየና ያዘ። ትርፍ ጋግራ ስለነበር የተሰበሩትንና ነጠብጣብ ያላቸውን አውጥታም 150ው ሞላ። ካርቶን ውስጥ ስትደረድር በየድርብርቡ የኬክ ወረቀት አስገባች። በላስቲክ አልሸፈነችም፤ ታፍኖ የቀረ ጥቂት እርጥበት በአንድ ሌሊት የሁለት ቀን ሥራ ያበላሻል።

ወይዘሮዋ ማክሰኞ ማታ መጥተው ሲቀበሉ አንዱን ቀመሱ። «እውነት እንቁላል የለበትም?» ብለው ደግመው ጠየቁ፤ ኩኪሱ የሚበላው በማግስቱ፣ በጾም ቀን ነውና ጥያቄያቸው የወግ አልነበረም። የሽምብራውን ነገር ስትነግራቸው ሳቁ። ሽምብራ ሽምብራ አይልም፤ ነጩ ሽምብራና ቫኒላው ይሸፍኑታል፤ በቡናማው ቢሠራ ግን የሚታወቅ ይመስለኛል።

የማልስማማበት ዋጋውን ነው። እንቁላል ስለሌለው ከፍስኩ አይሲንግ አሳንሳ አስከፈለች። እንደ ግብዓት ከሆነ ልክ ናት፤ ሽምብራ ርካሽ ነው፤ ፍሬውም ይበላል። ግን የሦስት ቀን ዝፍዘፋ፣ ቅቅልና ማትነን ያለበትን ሥራ እንቁላል ሰብሮ ከሚመታው በታች መሸጥ ኪሳራ ነው። ይህን ነግሬያታለሁ። በኅዳር የነቢያት ጾም ሲገባ ሌላ ትእዛዝ መጣላት፤ የወፈረውን ውኃ ቀድማ በበረዶ መያዣ ከፋፍላ አቀዝቅዛ ስለነበር ሥራው ቀለለላት፤ ዋጋውን ግን አልነካችውም።

ስለ ማሩም እስከ ዛሬ እንከራከራለን። ነሐሴና ጳጉሜን ላይ እንደማይሆን ተቀብላለች። ጥር ላይ፣ አየሩ ደርቆ ከንፈር ሲሰነጥቅ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጠብ አድርጋ ለጥምቀት ሠራች፤ አበራላት፣ ደረቀላትም። አንድ ሳጥን ይዛ ወደ ቤቴ መጣች፤ ለማሳየት።